ጓንግዡ በስምንት ሰው፦ የበዓል ጉዞን በቁጠባ እንዴት እናደራጃለን?

የቻይናዋን ጓንግዡን አብዛኞቻችን የምናውቃት በካርቶን ላይ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው ዘመድ ሲጠፋ "ጓንግዡ ሄዷል" ይባላል፤ ዕቃ ሊያመጣ ማለት ነው። ለሽርሽር ሄዷል ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም አላስብም ነበር። አንድ ዓመት ግን በገና ማግስት ስምንት ሆነን ሄድን። ሰባት ሌሊት አድረን ለጥምቀት አገራችን ገባን። ከተማዋ ለእግረኛ የምትመች፣ ምግቧ የማይረሳ፣ ብዙ ነገሯ በነጻ ወይም በ10 ዩዋን የሚታይ ናት።

ያደራጀሁት እኔ ስለነበርኩ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ወጪው የሚወሰነው ገና አዲስ አበባ ሳላችሁ ነው። ቀኑ፣ የሰዉ ስምምነትና የጋራ ገንዘቡ ከተስተካከለ ቀሪው ይቀላል። እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ቀኑን ቁረጡ

ከምንም በላይ ኪስ የሚጎዳው የተሳሳተ ቀን ነው። ጓንግዡ ውስጥ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ የካንቶን የንግድ ትርኢት የሚባል ነገር አለ። በዓመት ሁለቴ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንዱ ከሚያዝያ 7 እስከ 27፣ ሌላው ከጥቅምት 5 እስከ 25 ገደማ። ያኔ ነጋዴ ከዓለም ዙሪያ ይጎርፋል፣ የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ፋሲካ ብዙ ጊዜ እዚሁ ውስጥ ስለሚወድቅ "ለፋሲካ እንሂድ" የሚል ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

የቻይና አዲስ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። በዚያ ሰሞን የባቡር ትኬት ማግኘት ፈተና ነው። ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ዘግተው አገር ቤት ይገባሉ። ከመስከረም 21 እስከ 27 ደግሞ ብሔራዊ በዓላቸው ነው፤ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። በእኛ ክረምት ሙቀቱና ወበቁ አይጣል፤ ዝናብና አውሎ ነፋስም ይጨመርበታል።

የሚቀረው ኅዳር፣ ታኅሣሥ እና የጥር መጀመሪያ ነው። አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ አንድ ጃኬት ይበቃል። እኛ የገናን ማግስት የመረጥነው ጾሙም ስለሚፈታ ነው። ይህ ለምግቡ ያለውን ጥቅም በኋላ ታዩታላችሁ።

2. ሰዉንና የጋራ ገንዘቡን አደራጁ

ስምንት ጥሩ ቁጥር ነው። አራት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ ሁለት ታክሲ፣ አንድ ክብ የምግብ ጠረጴዛ። ከዚያ ከበለጠ መንገድ ላይ ሰው መቁጠር ሥራ ይሆናል።

ገንዘቡን እንደ እቁብ አድርጉት። ዳኛ ይኑር፣ ጸሐፊ ይኑር፣ በየወሩ ቀን ይቆረጥ። ልዩነቱ ዕጣ አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም እስከ ትኬቱ ቀን ይጠራቀማል። እኛ ከስድስት ወር በፊት ጀመርን። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፈን ፈረምን።

አንደኛ፣ ሰው ቢቀርስ? ቪዛ የተከለከለ ሰው ያልወጣለት ገንዘብ በሙሉ ይመለስለታል። ሐሳቡን የቀየረ ግን የሆቴሉን ድርሻ ይከፍላል፤ አለዚያ ክፍሉ ለቀሪው ሰው ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የጋራ ቦርሳው ምን ይከፍላል? ሜትሮ፣ ምግብ፣ መግቢያ፣ ውሃ። መጠጥ፣ ልብስና ስጦታ ከየራስ ኪስ። ሦስተኛ፣ ሒሳቡ መቼ ይነበባል? ሁልጊዜ ማታ፣ ከመተኛት በፊት፣ ለአስር ደቂቃ። ይህን ሦስተኛውን እንዳትዘሉት። ቡድን የሚበተነው በትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ "ትናንት የውሃውን እኔ ከፍዬ ነበር" በሚል በሆድ በታመቀ ነገር ነው።

የእኛ የቀን ስሌት ለአንድ ሰው እንዲህ ነበር፦ ማደሪያ 125 ዩዋን፣ ምግብ 80፣ ትራንስፖርት 15፣ መግቢያ 20። ድምሩ 240 ነው። በሰባት ቀን 1,680 ይሆናል። ለድንገተኛ 250 ጨምረን 1,930 ዩዋን ያዝን። ከትኬትና ከቪዛ ውጪ ያለው ይኸው ነው። ሆቴሉን ለብቻው ስለከፈልን የጋራ ቦርሳው ውስጥ በየጠዋቱ እያንዳንዱ 115 ዩዋን ያስገባ ነበር።

3. ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የቱሪስት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ "ኤል" የሚባለው ነው። ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት፣ ቅጽ፣ ፎቶ፣ የደርሶ መልስ ቡኪንግ፣ የሆቴል ማረጋገጫና የቀን በቀን ዕቅድ አዘጋጁ። የስምንታችሁም ዕቅድ ቃል በቃል አንድ ይሁን። አንዱ ሰባት ሌሊት፣ ሌላው ዘጠኝ ብሎ ከጻፈ ጥያቄ ያስነሳል። ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትክፈሉ፤ ቡኪንግ ብቻ ያዙ። ሆቴሉንም በነጻ መሰረዝ በሚቻልበት ዋጋ ያዙ።

ከዳያስፖራ የሚቀላቀላችሁ ካለ ጉዳዩ ይለያል። ጀርመንን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ጨምሮ የበርካታ የአውሮፓ አገራት ፓስፖርት ያለው ሰው እስከ 30 ቀን ያለ ቪዛ የሚገባበት አሠራር አለ። አሠራሩ የጊዜ ገደብ እየተሰጠው ስለሚታደስ ከጉዞው በፊት ኤምባሲ ይጠየቅ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ግን በ240 ሰዓት የትራንዚት ፈቃድ ነው የሚገባው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትራንዚት ስለሆነ ወደ ሦስተኛ ቦታ የሚያልፍ ትኬት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ጓንግዡ፣ ከጓንግዡ ባንኮክ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግን አይሆንም፤ ያ ሰው ቪዛ ማውጣት አለበት።

ሆንግ ኮንግ ቅርብ ናት፤ "እግረ መንገዳችንን" የሚል አይጠፋም። ሆንግ ኮንግ የራሷ የመግቢያ ሕግ አላት። ወጥታችሁ ስትመለሱም ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ለቁጠባ ጉዞ አልመክርም።

ቢጫ ካርዳችሁን አትርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ከእኛ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል።

4. ትኬት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ጓንግዡ በቀጥታ ይበራል። በአረብ አገራት በኩል የሚያልፈው አንዳንዴ ይረክሳል፤ ግን አየር ማረፊያ ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚበላውና የሚጠጣው ልዩነቱን ይውጠዋል። ደምሩና አስሉ።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ዋጋ ስትፈልጉ በመጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት እያላችሁ ፈልጉ። በርካሹ ዋጋ የቀረው ሦስት ወንበር ብቻ ከሆነና ለስምንት ከጠየቃችሁ፣ ሲስተሙ ስምንታችሁንም በውዱ ዋጋ ያስከፍላል። ከፋፍላችሁ ብትገዙ ሦስቱ ይተርፋሉ። ልዩነቱን ደምራችሁ ለስምንት አካፍሉት። አስርና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን የቡድን ዋጋ ጠይቁ።

5. ማደሪያ

ከሜትሮ አጠገብ ይሁን፤ ከዚያ ሌላ ብዙ አትጨነቁ። ጎንግዩዋንቺያን የሚባለው ጣቢያ አካባቢ ጥሩ ነው። መስመር 1 እና 2 የሚገናኙበት ሲሆን የቤይጂንግ ሉ የእግረኛ መንገድም አጠገቡ ነው።

አሁን የሆነብንን ልንገራችሁ። በርካሽ ያገኘነው አንድ ማደሪያ በመተግበሪያው ላይ ተቀበለን። ማታ ሻንጣ እየጎተትን ስንደርስ ግን "የውጭ ዜጋ አንመዘግብም" አለን። ቻይና ውስጥ የውጭ እንግዳ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት። ሆቴሎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ አንዳንድ ትንንሽ ማደሪያ ግን አሠራሩን ስለማያውቀው መሸሽ ይመርጣል። እኛ ሌላ ቦታ እስክናገኝ ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ቆምን። እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት "ስምንት ሰዎች ነን፣ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው፣ ትመዘግባላችሁ?" ብላችሁ በመተግበሪያው ጻፉላቸው። መልሱን በቻይንኛ ስክሪንሾት አንሱ። የግል አፓርታማ ከተከራያችሁ ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገቡ የእናንተ ሥራ ነው።

6. ስልክና ክፍያ

ይህን ቦሌ ከመድረሳችሁ በፊት ጨርሱት። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጉግል በቻይና ኔትወርክ አይሠሩም። ከውጭ አገር የተገዛ የጉዞ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ወይም ሮሚንግ ከሆነ ግን ይሠራሉ። ለስምንት ሰው ሁለት ኢሲም ገዝቶ ሆትስፖት መካፈል ይቻላል። ግን መንገድ መሪውና ገንዘብ ያዡ የየራሳቸው ይኑራቸው፤ ሁለት ቦታ ስትከፈሉ ይጠቅማችኋል።

ሦስት መተግበሪያ አውርዱ። አሊፔይ ለክፍያ፣ ዊቻት ለመነጋገሪያ፣ ጋኦደ የሚባለው ካርታ ለመንገድ። ዊቻት ሲመዘገቡ አንዳንዴ ነባር ተጠቃሚ ኮድ እንዲያነብ ይጠይቃል። መርካቶ ያለው ዘመዳችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አሊፔይ ላይ የውጭ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል። ባንካችሁ የሚሰጣችሁ የጉዞ ካርድ በኢንተርኔት ክፍያ መሥራቱን እዚሁ አስሞክሩ። ካርዱ ቢያንስ በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር፤ አንዱ ስልክ ባትሪ ከጨረሰ ቡድኑ ጾሙን እንዳያድር። ሌላም አለ። በውጭ ካርድ በአንድ ጊዜ ከ200 ዩዋን በላይ ስትከፍሉ 3 በመቶ ይቆረጣል። ከዚያ በታች ግን ነጻ ነው። የስምንት ሰው ሒሳብ 480 ዩዋን ከመጣ ለሦስት ከፍላችሁ 160 እየሆነ ክፈሉት። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ በትንንሹ ተመንዝሮ።

7. ሻንጣ

ጥቂት ነገር ብቻ። በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ። የተፈጨ ቡናም ያዙ፤ የሆቴል ክፍል ውስጥ ውሃ ማፍያ ይኖራል። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ ጥሬ እህልና ፍራፍሬ አትያዙ፤ የሥጋና የወተት ውጤት፣ ዘርና ትኩስ ፍራፍሬ ማስገባት ክልክል ነው። የቧንቧ ውሃ ስለማይጠጣ ኮዳ ያዙ፣ ሆቴል ውስጥ አፍልታችሁ ሙሉ። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

8. ከአየር ማረፊያው ስትወጡ

ባዩን አየር ማረፊያ ከመሃል ከተማ በስተሰሜን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜትሮ መስመር 3 እዚያው ድረስ ይገባል፤ ሂሳቡ ለአንድ ሰው ከ10 ዩዋን አይበልጥም። ሻንጣ በየጣቢያው በመፈተሻ ማሽን ያልፋል፤ አትደንግጡ። ሜትሮ ሌሊት ስለሚቆም ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከሆነ ሁለት ታክሲ አስቡ።

"ከምሽቱ 11" ስል በነሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህ ነገር ዋጋ አስከፍሎናል። በሁለተኛው ቀን "ሦስት ሰዓት ታች እንገናኝ" ተባባልን። ሰባታችን በጠዋት ወረድን። ከሽቱትጋርት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ መስሏት ተኝታለች። ስልኳ ዝግ፣ ክፍሏን የምትጋራትም ቀድማ ወጥታ ከእኛ ጋር። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ 09:00 ብለን ብቻ መጻፍ ጀመርን። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት አምስት ሰዓት ነው፤ እነሱ ይቀድማሉ።

በሜትሮ ለመጓዝ የአሊፔይ የትራንስፖርት ኮድ ይበቃል። መነሻው 2 ዩዋን ስለሆነ የቀን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሳፈሩ ቁጠሩ። እኛ አላስፈለገንም።

9. ምግብ

ስለ ጓንግዡ ብዙ ማውራት የምፈልገው ስለዚህ ነው። ጠዋት "ያም ቻ" ይባላል፤ ሻይ መጠጣት ማለት ነው። ግን ሻይ ብቻ አይምሰላችሁ። በትንንሽ የቀርከሃ እንፋሎት ማብሰያ የሚመጣው ዲም ሰም የሚባል በትንሽ በትንሹ የሚቀርብ ምግብ ነው ዋናው። በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና ሁሉም ከመሃል ያነሳል። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ ከአንድ ገበታ መብላት ነው። ስምንት ሰው ሆኖ አስር ዓይነት አዝዞ መቅመስ ይቻላል፤ ለብቻው የመጣ ሰው ግን ሁለት ዓይነት በልቶ ይጠግባል።

መጀመሪያ ሻይ ይቀርባል። በመጀመሪያው ሙቅ ሻይ ስኒውንና የመብያ እንጨቶቹን ያለቀልቁበታል፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይደፉታል። ከዚያ ነው የሚጠጣው። ሌላ ሰው ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ "አመሰግናለሁ" ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን አይተው አስተማሩን። አባባ እያልን ቀዳንላቸው፤ ቃሉ ባይገባቸውም ጣታቸውን መታ መታ አደረጉልን።

የሻይ ክፍያ በየሰው ራስ ይታሰባል፤ ሒሳቡ ላይ ስታዩት አትገረሙ። ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ውጪ ቅናሽ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ ጠይቁ።

የአሳማ ሥጋ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የማይጠረጠር ምግብ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። "ቡ ያው ዡ ሮው" ማለት የአሳማ ሥጋ አልፈልግም ነው። "ዎ ቺ ሱ" ደግሞ የሥጋ ውጤት አልበላም ማለት ነው፤ ረቡዕና አርብ ይህን ተጠቀሙ። አነጋገራችን ላይገባቸው ስለሚችል በቻይንኛ ጽፋችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡ። "ሀር ጋው" የሚባለው ውስጡ ሽሪምፕ ነው፤ ለሚበላ ሰው ግሩም ነው፣ ግን የአሳማ ስብ ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ።

ለምሳ ርካሹ መፍትሔ የላንጆ ኑድል ቤት ነው። በየመንደሩ አለ። ቤቱን የሚይዙት የቻይና ሙስሊሞች ናቸው፣ አሳማ የሚባል አይገባም። ሊጡን በእጃቸው እየሳቡ፣ እያጠፉ፣ ገበታው ላይ እየመቱ ክር እስኪያክል ያቀጥኑታል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ከሾርባው ጋር ከ20 ዩዋን ብዙም አይርቅም። በእኛ ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበር። በአራጁ ምክንያት ሥጋ የማይበሉት በእንቁላልና በቲማቲም የተሠራውን አዘዙ። ማንም አልተቸገረም።

10. ቀን በቀን

በመጀመሪያው ቀን ደክሟችኋል፤ ቤይጂንግ ሉ ላይ ብቻ ተንሸራሸሩ። ከእግራችሁ ሥር በመስታወት የተሸፈነ ጉድጓድ ታያላችሁ። በቁፋሮ የተገኘ የድሮ መንገድ ነው፤ ዘመን በዘመን ላይ ተደራርቦ ከሺህ ዓመት በፊት እስከነበረው የታንግ ሥርወ መንግሥት ይወርዳል።

በማግስቱ የቅዱስ ልብ ካቴድራል። ከ1863 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. በግራናይት ድንጋይ የተሠራ ነው። የከተማው ሰው "የድንጋይ ቤት" ይለዋል፤ መግቢያ አይከፈልም። ከዚያ በእግር ወደ ሻሚያን ደሴት፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የሠፈሩባት ነበረች። ትልልቅ ዛፎች፣ የድሮ ቤቶች፣ ወንዝ። ከሰዓቱን ሙሉ ለእሷ ስጡ፤ አንድ ሳንቲም አታወጡም።

አርብን ለዩዌሹ ፓርክ አድርጉት። የአምስቱ በጎች ሐውልት እዚያ ነው፤ የከተማዋ ምልክት። በ1380 እ.ኤ.አ. የተሠራው ዠንሃይ ግንብም እዚያው አለ። ፓርኩ በነጻ ነው። ሙስሊም ወንድምና እኅቶች ለጁምዓ ወደ ሺያንሺያን መስጊድ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ቅርብ ነው፣ ከአፍሪካና ከአረብ አገራት የመጣ ሰው ይበዛበታል። ማታ ሺያውቤይ ሠፈር ብቅ በሉ። የአፍሪካ ነጋዴ መናኸሪያ ነው፤ አማርኛ ብትሰሙ እንዳይገርማችሁ።

የቼን ቤተሰብ አዳራሽን ግን በምንም ምክንያት አትዝለሉ። መግቢያው 10 ዩዋን ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ነው። ቼን የሚል ስም ያላቸው ሰዎች ከ72 ወረዳዎች ገንዘብ አዋጥተው ነው የሠሩት፤ ለፈተና ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆቻቸው እንዲያርፉበት። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ከሸክላ የተሠሩ ሰዎች፣ ፈረሶችና ወፎች በጣሪያው ጫፍ ተሰልፈዋል። እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ቆሜ አየሁ። የእኛም ጉዞ በመዋጮ ስለሆነ ይመስለኛል ልቤን የነካው። ከሰዓት ዮንግቺንግ ፋንግ ሂዱ፤ የብሩስ ሊ አባት ቤት እዚያ ነው፣ በነጻ ይታያል።

ኩንግ ፉ የሚወድ ካለ አንድ ቀን ፎሻን። ጎረቤት ከተማ ብትሆንም ሜትሮ ያደርሳል። ዙሚያው ጣቢያ ውረዱ፤ ቤተ መቅደሱ መግቢያ 20 ዩዋን ነው። የኩንግ ፉና የአንበሳ ጭፈራ ትርኢት ሰዓቱን በሩ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ባዩን ተራራ 5 ዩዋን ነው። ጫፉ 382 ሜትር ብቻ ስለሆነ እንጦጦ ለለመደ ሰው የጠዋት እግር ማፍታቻ ነው።

የጓንግዶንግ ሙዚየም በነጻ ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው፣ ቀድሞ መመዝገብ ይፈልጋል። አጠገቡ ካለው የሁዋቸንግ አደባባይ ሆናችሁ የካንቶን ታወር ሲበራ ጠብቁ። ቁመቱ 600 ሜትር ነው። ላይ ለመውጣት ለአንድ ሰው 150 ዩዋን ገደማ ይጠይቃል፤ ለስምንት 1,200 ማለት ነው። እኛ ታች ሆነን አየነው። ከላይ ሆኖ ማየት የሚቀረው ራሱ ግንቡ ነው።

ገበያን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት። መጀመሪያ ቀን የገዛ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ሲጎትት ይከርማል፤ ቡድኑም አብሮት ይጎተታል። ሻንጣችሁን ለመመዘን ትንሽ የእጅ ሚዛን ያዙ። የትርፍ ኪሎ ክፍያ ያተረፋችሁትን ሁሉ ይበላዋል።

11. የመጨረሻው ማታ

የጋራ ቦርሳውን ሁሉም ባለበት ክፈቱ። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንብብ። መጀመሪያ ለጠዋቱ የአየር ማረፊያ ሜትሮ የሚበቃውን ለዩ፣ ቀሪውን አካፍሉ። ለእኛ ለእያንዳንዳችን 63 ዩዋን ደረሰን። አምስታችን በዚያው ሻይ ገዛንበት። የአክስቴ ልጅ ግን ድርሻዋን ለዳኛው መልሳ ሰጠችው፤ "ለሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ መዋጮዬ ነው፣ ጻፍልኝ" አለችው። ጻፈላት።